ስለ «ፈናር» አድራሻ ለሕዝብ መውጣትና በጣሪያ ላይ ስለተሰበረው ሳጥን

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ረኡፍ ታውፊቅ ሱንቡል
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የባሕር ዳር ሬዲዮ ጣቢያ ኦፕሬተር
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር
አድራሻ፦ ፖርት ሰይድ፣ አል-ዐረብ ሰፈር፣ የመረብ ሠሪዎች መንገድ፣ ሕንፃ 14፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2022
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሳጅን ወሂድ አል-ገማል
ጉዳዩ፦ ሐጅ መድሐት ዘህራን በወይዘሮ ነስማ ሻዝሊ ላይ ያቀረበው የንብረት ማበላሸት አቤቱታ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር በጉዳዩ ላይ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ በፈቃዴ ቃሌን ሰጥቻለሁ። መርማሪው «ሐጅ፣ አሳጥረው» ብሎኛል። ሐጅ አላደረግሁም፤ በሰፈሩ አሞ ረኡፍ፣ አጎቴ ረኡፍ እንደማለት፣ ነው የምባለው። ማሳጠሩንም እሞክራለሁ፤ ግን ከመሐል ከጀመርኩ ልጅቱ፣ ነስማ፣ ያበደች ትመስላለች። አላበደችም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

ከወጣትነቴ እስከ ጡረታዬ በባሕር ዳር ሬዲዮ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ሥራዬ መርከበኛን ከቤቱ ማገናኘት ነበር። ባሕር ላይ ያለ መርከብ በሬዲዮ ይጠራኛል፤ እኔ የሚስቱን ስልክ ደውዬ «እመቤቴ፣ ባልሽ መስመር ላይ ነው፤ ተናግረሽ ስትጨርሺ ‹ተራው ያንተ› በይ» እላለሁ። አንዷ «ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቃል የለም፣ አንተ ዓይን አውጣ! ተራው ያንተ!» ስትል ሰምቼ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። የስንቱን ልደት፣ የስንቱን መርዶ በጆሮዬ አሳልፌያለሁ። መርከቦቹ የሳተላይት ስልክ ሲያስገቡ ጣቢያችን ተዘጋ። ምሰሶው ተነቅሎ አሁን በቦታው የሰርግ አዳራሽ ቆሟል።

ከሬዲዮ ክፍሉ የተረፈኝ የግድግዳው ሰዓት ነው። ፊቱ ላይ በአረንጓዴ የተቀቡ ሁለት ቁራጮች አሉ። ሰዓቱ ሲሞላና ሲጋመስ ለሦስት ደቂቃ በባሕር ላይ ያለ ሬዲዮ ሁሉ ዝም የሚልበት ምልክት ነው። የሚሰምጥ መርከብ ባትሪው ደክሞ በቀጭን ድምፅ «ድረሱልኝ» ቢል በሌላው ጫጫታ እንዳይዋጥ ነው። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። ሚስቴ ሱሐይር፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ ስጮህ የማትሰማ ሰውዬ ባሕሩን ታዳምጣለህ» ትለኝ ነበር። ሳጅኑ ይህ ከተሰበረው ሳጥን ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ጠየቀኝ። ይደርሳል ብዬዋለሁ።

ሱሐይር ካረፈች በኋላ የእህቴ ልጅ ወደ ኩዌት ሊሄድ ሲል አሮጌ ኮምፒውተሩን እኔ ቤት አስቀምጦ የመርከብ ጨዋታ ሰርቨር አደረገልኝ። ሰርቨር ማለት ጨዋታው የሚካሄድበት ቤት ነው። ተጫዋቾች ከያሉበት በኢንተርኔት ይገቡና በሸራ መርከብ ከወደብ ወደብ ዕቃ ያመላልሳሉ፤ በጽሑፍም ያወጋሉ። ስሙን «ፈናር» አልኩት፣ እንደ ወደባችን መብራት ቤት። ወደዚያ ለመግባት የኔትወርክ አድራሻ የሚሉት ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ባለው የሕዝብ ዝርዝር ያወጣ ሰው ደጁን ለማንም ከፈተ ማለት ነው። ያላወጣ ቁጥሩን ለሚያውቀው ሰው ብቻ ይሰጣል። የእህቴ ልጅ አውጥቶት ስለነበር በመጀመሪያ ብዙ ሰው ይመጣ ነበር። ከሚመጡት አንዱ «ሳሪ» የሚባል ነው።

ሳሪ የጨዋታ ስሙ ነው። ትክክለኛ ስሙን፣ ሀገሩን፣ ስልኩን ተጠይቄ አላውቅም ብያለሁ። ሳጅኑ «ሦስት ዓመት አብራችሁ ተጫውታችሁ?» ብሎ ሳቀ። በእኛ ሥራ ክፍት ሞገድ ላይ የሰው የግሉ አይጠየቅም፤ ሁሉ ይሰማልና የጥሪ ስም ይበቃል። እርሱ እላለሁ እንጂ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ምዬ መናገር አልችልም። የማውቀው ድስት እንደሚያሳርር ነው፤ በየቀኑ «ካፒቴን ቆይ፣ ሽታ ሽታ አለኝ» ብሎ ይጠፋል። ሱሐይር የሞተችበት ቀን ሲመጣ ምንም ሳልነግረው ጽሑፌ ሲያጥርበት «ዛሬ ዝም ብለን እንንዳ» እንዳለኝ አውቃለሁ። የሦስቱን ደቂቃ ዝምታ ነግሬው አብሮኝ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ሲያበቃ ይመጣል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ለመግሪብ ይሄዳል። ይኸው ነው። በዓለም ላይ «ካፒቴን፣ ዛሬ ምን በላህ?» የሚለኝ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ይህ ለእኔ ትንሽ አልነበረም።

አድራሻውን ከዝርዝሩ ያሰረዘኝ ራሱ ሳሪ ነው። አንዳንድ ባለጌዎች እየገቡ የሰው መርከብ ማቃጠል ሲያበዙ ምክር ሰጠኝ። ተከራከርኩት። «ፈናር የሚበራው ለሚታወቅ መርከብ ብቻ ነው እንዴ?» አልኩት። «ፈናር ባሕር ዳር ብቻውን ነው የሚቆመው፣ ካፒቴን፤ አንተ የጎረቤት ደረጃ ላይ ነው ያቆምከው» አለኝ። እውነቱን ነው። የሕንፃችን ኢንተርኔት አንድ መስመር ነው። በሐጅ መድሐት ስም ይገባል፤ ሐጅ መድሐት ምድር ቤት የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ነው። የመስመሩን ማከፋፈያ ሳጥን ጣሪያ ላይ አድርጎ ለየቤቱ ገመድ ዘርግቶልናል። ስለዚህ የፈናር ቁጥር የስምንት ቤት ቁጥር ነው። ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ቀሩና ሁለታችን ብቻ ሆንን።

ባለፈው ወር ሳሪ «ዓይኔን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉልኝ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ስክሪን ከልክለውኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ቀጥሎ «ቦታህን እንዳትቀይር፣ ስመለስ እዚያው ላግኝህ» አለኝ። እኔም «ወዴት እሄዳለሁ ብለህ ነው?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ባዶ ባሕር ላይ ብቻዬን ስነዳ ሰነበትኩ። ባዶ ቤት ለምጃለሁ፤ ያ ግን ሌላ ነው። ረቡዕ ዕለት አልቻልኩም። አድራሻውን መልሼ በሕዝብ ዝርዝሩ ላይ አወጣሁ፤ ከሥሩም «ሁሉም እንግዳ ነው፣ ደጁ አይዘጋም» ብዬ ጻፍኩ። ማንንም አላማከርኩም።

አርብ ኖቬምበር 18 ቀን በሦስተኛ ፎቅ የነስማ ልጅ የሰባተኛ ቀን ድግስ ነበር። ነስማ ወይዘሮ ትባላለች እንጂ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረጃዬ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ባሏ ፊክሪ የመርከብ ወጥ ቤት ነው። ሕፃኗ ስትወለድ አያቷ አዛን ልበልላት፣ የመስጊዱ ሼኽ ልበልላት ቢሉ፣ ነስማ «የመጀመሪያው ድምፅ የአባቷ ነው የሚሆነው» ብላ እምቢ አለች። የፊክሪ መርከብ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ ወደብ ደጅ መልሕቅ ጥሎ ይቆይና ይነሣል። በዚያች ሰዓት ደውሎ በስልክ አዛኑን በጆሮዋ ሊልላት ነበር። በሕንፃችን ውስጥ የተንቀሳቃሽ ስልክ ሲግናል ስለማይይዝ በኢንተርኔቱ ነው የሚደውለው።

እኔም ተጠርቼ ነበር። ነስማ ራሷ መጥታ «አሞ ረኡፍ፣ ቢቀሩ ወዮልዎ፤ የእርስዎ ድርሻ የአራስ መጠጥ፣ ሙጋቱ፣ አይደገምም» ብላኛለች። ሸሚዜን ተኩሼ ለብሻለሁ። ከመውረዴ በፊት ሳሪ ተመልሶ እንደሆነ ልይ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። የገቡት ሰዎች ቁጥር ዐሥራ ሁለት ይላል። ዓይኔን አላመንኩም። ሠላሳ ሆነ። ሰማንያ ሆነ። ባረክ አላህ አልኩ! ይኸው መጡ! ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና ለእያንዳንዱ እየጻፍኩ «እንኳን ደህና መጣህ፣ እኔ ካፒቴን ነኝ፣ መርከብ ከምሥራቁ ወደብ ታገኛለህ» እል ጀመር። በሁለት ጣቴ ነው የምጽፈው፤ አንዱን ሰላም ሳልል ሃያ ይገባል። ከታች የሴቶቹ እልልታና የነሐሱ ዘነዘና ሙቀጫውን ሲመታ ይሰማኛል። ሕፃኗን በወንፊት አድርገው «እናትሽን ስሚ፣ አባትሽን ስሚ» የሚሏት ሰዓት ነበር። ትንሽ ቆይቼ እወርዳለሁ አልኩ። ድግሱ ከእግሬ በታች ሆኖ እኔ የማላውቃቸውን እንግዶች ስቀበል ቆየሁ።

ማንም አልመለሰልኝም። ሰዎች አልነበሩም። አሁን እንደተነገረኝ፣ በዝርዝሩ ላይ የሚያገኙትን አድራሻ ሁሉ በሐሰተኛ ጥሪ የሚያጥለቀልቁ አሉ፤ ሺህ ሰው በአንድ ደጅ ሲገፋፋ ባለቤቱም እንዳይወጣ እንደማድረግ ነው። ለምን እንደሚያደርጉት ዛሬም አልገባኝም፤ አያውቁኝ፣ አላውቃቸው። ያን ጊዜ ግን አፍረው ነው ዝም ያሉት አልኩ። ሰዓቱን ቀና ብዬ ሳይ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፤ አረንጓዴው ቁራጭ ላይ ገባ። «እንግዶቼ፣ የዝምታው ሰዓት ነው፤ አብረን እንጠብቅ» ብዬ ጽፌ እጄን ከኮምፒውተሩ አነሣሁ።

በዚያው ቅጽበት በሬ ተደበደበ። «አሞ ረኡፍ! አሞ ረኡፍ! አጥፉት!» የነስማ ድምፅ ነበር። መርማሪው ሰምተሃል ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ በደንብ ሰምቻለሁ። ስለ ቀረሁ የተቆጣችኝ መሰለኝ። ሦስቱ ደቂቃ እስኪያልፍ ታገሽኝ፣ ልጄ፣ አልኩ በልቤ፣ አልተነሣሁም። ድብደባው ቆመ። ዕድሜዬን በሙሉ ያን ዝምታ የጠበቅሁት የደከመ ጥሪ እንዳያመልጠኝ ነበር፤ ጥሪው በሬ ላይ ሲመጣ ስክሪኑን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ነስማ ወደ እኔ የመጣችው ለምን እንደሆነ ስጠየቅ፣ ኋላ ከራሷና በድግሱ ከነበሩት እንደሰማሁት፣ የፊክሪ ድምፅ መቆራረጥ ሲጀምር ሐጅ መድሐት ስልኩን አይቶ «የአራተኛ ፎቅ ገመድ ነው! ያ ሽማግሌ ጨዋታውን ከፍቶ ነው!» ብሎ በሰው መሐል ጮኋል። ሐጅ መድሐት ይህን በአቤቱታው ላይ አልጻፈውም። እዚህ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ከላይ፣ በጣሪያው ላይ፣ የብረት ድምፅ ስሰማ ነው የወጣሁት። ጣሪያው ላይ ነስማን ብቻዋን አገኘኋት። የድግስ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ የነሐሱን ዘነዘና ይዛ ከሳጥኑ ፊት ቆማለች። ገመዶቹን በእጇ ሰብስባ «የትኛው ነው የእርስዎ? የትኛው ነው? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው!» አለችኝ። ጣቴን ባነሣ አንድ ገመድ ትቆርጥና ይበቃት ነበር። አላነሣሁም። መልስ ስታጣ ሳጥኑን መታችው። ሁለት ጊዜ መታች፣ ተሰበረ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሐጅ መድሐት የሚፈልገው ምስክርነት ይኸው ነው፣ ሰጥቻለሁ።

ከዚያ ከውኃ ታንከሩ ሥር ተቀመጠች። አራስ ናት፣ እንዴት እንደወጣችው እንጃ። «‹ኑ› ብሎ ነው የቀረው፣ አሞ» አለችኝ። «‹ኑ› አላት፣ ወዴት እንደሆነ ሳይነግራት ቀረ።» አዛኑ «ወደ ሶላት ኑ» ከሚለው ቦታ ነው የተቆረጠው። ዘነዘናውን ከእጇ ወስጄ ደግፌ አወረድኳት። የፊክሪ መርከብ ተነሥቶ ነበር፤ የሚቀጥለው ወደብ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በደረጃው ላይ የነበሩት ሰዎች መንገድ ለቀቁልን፤ እኔን ያየኝ ግን አልነበረም። አንዲት ሴት የድግሱን ለውዝና ከረሜላ በከረጢት ስትሰጠኝ ሌላዋ ከእጇ ነጠቀቻት።

ትናንት እሑድ ሐጅ መድሐት አዲስ ሳጥንና አዲስ መስመር አስገባ። «አሞ ረኡፍ፣ በዚህ ዕድሜ ቁጭ ብለው ዚክር ቢያደርጉ ምን ይጎድልብዎታል?» አለኝ። «አንተ ሱቅህ ቁጭ ብለህ ሰው ስታማ ምን አልኩህ?» አልኩት። ነገር ግን በአዲሱ መስመር ቁጥሩ ተለውጧል። ይህን ያወቅሁት እርሱ ሲነግረኝ ነው። የድሮውን ቁጥር የሚጠራ ሰው ከእንግዲህ ማንንም አያገኝም።

ሳሪ የያዘው የድሮውን ነው። ዓይኑ ድኖ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይመለሳል። ይጠራል፤ መልስ የለም። ከዚያ የት እንደሚፈልገኝ አውቃለሁ፦ መጀመሪያ ወዳገኘኝ፣ ወደ ሕዝብ ዝርዝሩ ይሄዳል። አዲሱን ቁጥር እዚያ ካወጣሁ ያገኘኛል። ካላወጣሁ ግን እርሱ እኔን፣ እኔም እርሱን የምናገኝበት ሌላ መንገድ በምድር ላይ የለም። የሞትኩ ይመስለዋል፤ ወይም ትቼው የሄድኩ። ይህኛው ሞተ ከመባል ይልቅ ያንገበግበኛል።

ትናንት ከመግሪብ በፊት ነስማ ሕፃኗን ታቅፋ በሬን አንኳኳች። በመጀመሪያው ማንኳኳት ከፈትኩ። «ስጮህ ሰምተውኝ ነበር?» አለችኝ። «ሰምቼሻለሁ» አልኳት። ገባችና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ ባዶውን ባሕር አየች። ስለ ሳሪ ነገርኳት።

«ስሙን እንኳ አያውቁትም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ድስት ያሳርራል» አልኳት።

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «ፊክሪም ያሳርራል፤ ወጥ ቤት ብለው ቀጥረውት» አለች። ከዚያ «በቃ አውጡት፣ አሞ። አድራሻውን አውጡት። ፊክሪ ከሦስት ሳምንት በፊት አይደውልም፤ እስከዚያ ሰውዎ ያገኝዎታል፣ ከዚያ ያጠፉታል። መድሐትን ለእኔ ተዉት» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቸርነት ከማን ይጠበቃል? እጄ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዷል፤ አልዋሽም።

አላወጣሁትም። ሠላሳ ዓመት መርከበኛ ያገናኘ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ መርከብ በቀጠሮ አይመጣም። ነፋስ ይረዳዋል፣ ሞተር ይበላሻል፣ ወደብ ይለወጣል። ሦስት ሳምንት የተባለው በአምስተኛው ቀን መልሕቅ ጥሎ ለአንድ ሰዓት ብቻ ደውሎ፣ ሚስቱ ሳታነሣ የቀረችበትን ሰው ለቅሶ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚያጥለቀልቁትም ቀን አይመርጡም። «ልጄ፣ ባልሽ በማንኛውም ሰዓት ሊደውል ይችላል፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቀው» አልኳት። «የእርስዎስ ሰው?» አለችኝ። እጄን ከኮምፒውተሩ መለስኩ። ሕፃኗን አቀበለችኝና ጥቂት ቆየች።

በመጨረሻ ሳጅኑ እንደ ራሱ ጥያቄ «ለመሆኑ የእነዚህ ጨዋታዎች አድራሻ ለሕዝብ መውጣት አለበት ወይስ የለበትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ እንደሚጫወት ነግሮኛል። መልሴ ይህ ነው፦ የራሱ ዓለት ላይ ብቻውን የቆመ መብራት ይብራ፣ ሁሉም ይየው። በጎረቤቱ ደረጃ ላይ የቆመ ግን ሳያስፈቅድ እንዳያበራ። ሳሪ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ብቻ የተደበቀ ሰው ከክፉ ብቻ አይደለም የሚደበቀው፤ ይህንም ሳጅኑ ይጻፍልኝ።

የአዲሱን መስመር አድራሻ በሕዝብ ዝርዝር ላይ ላላወጣ ግዴታ እንድፈርም ተጠይቄ ፈርሜያለሁ። ሐጅ መድሐት ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ይበለው። ነስማን በሚመለከት ግን፣ ዘነዘናው ሳጥኑን ይምታ እንጂ መስመሩን የገደለው የእኔ እጅ ስለሆነ፣ ተጠያቂው እኔ እንድሆን አመልክቻለሁ። ፈናር አሁንም በርቷል። ትናንት ከነስማ በኋላ እስከ መግሪብ ተቀምጬበታለሁ። የገቡት ቁጥር አንድ ይላል፤ እርሱ እኔ ነኝ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ከአፌ የወጣ ነው። ሳጅኑ አንብቦልኛል፤ ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ ብያለሁ፣ ያልነበረ አልጨመርኩበትም፤ ይህንም በአላህ ስም አረጋግጣለሁ። ለዚህ ጉዳይም ሆነ ለሌላ የሚፈልገኝ ሰው ቢኖር፣ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ከቤቴ አልወጣም። አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው፤ እርሱ አልተለወጠም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ረኡፍ ታውፊቅ ሱንቡል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ወሂድ አል-ገማል